ለእማዬ ኪኒን አትላክላት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ታናሽ ወንድሜ ለኪት፤

ባሕሩን ሁሉ ተሻግሮ ቤትህ ድረስ የሚዘልቅ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ነህ? የወደቡ ሥራ የጎዳው ትከሻህስ ተሻለው? ዜልዳ ደኅና ናት? እናንተ ዘንድ ብርዱ እየገባ ስለሆነ የማርከስ አስም ተመልሶ እንዳይነሣበት ሰግቻለሁ። ኢንግሪድስ ከአዲሱ ትምህርት ቤቷ ጋር ተላመደች? እኔ በአካል ደኅና ነኝ፤ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ግን ከተለዩኝ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ቀጥለህ "እማዬስ?" እንደምትል አውቃለሁ። በሕይወት አለች። ይህን ቃል የመረጥኩት አስቤበት ነው፤ "ደኅና ናት" ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል።

በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርተን ተሰነባበትን። ስለዚህ የማውቀውን ከምገምተው ለይቼ፣ በቅደም ተከተል፣ በጽሑፍ ላስረዳህ ወሰንኩ። ጥያቄዬን ግን እስከ መጨረሻው ላላቆይብህ። ለእማዬ ኪኒን አትላክላት። በፖስታም፣ በሰው እጅም ቢሆን አትላክ። ኦገስት ላይ ስትመጣም በሻንጣህ ይዘህ አትምጣ። ከቁጣህ በፊት ደብዳቤውን ጨርሰው። የምጽፈው ልከስህ አይደለም፤ ክስ ቢኖር ኖሮ ከአንተ ስም በፊት የሚጻፈው የእኔ ስም ነበር።

መነሻውን ታስታውሰዋለህ። አባባ ሳንባው በከሰል ብናኝ ተበልቶ አልጋ ሲይዝ፣ እማዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዋን እያነሣች እያስተኛች አስታመመችው፤ የጀርባ አጥንቷም ሁለት ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። ዶክተር ሄዘሪንግተን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሞርፊን አዘዙላት። "ለስድስት ሳምንት ብቻ" ብለዋት እንደነበር የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ፋይሏን መክፈት ለእኔ አይፈቀድም። ስድስቱ ሳምንት አሥራ አራት ዓመት ሆነ። እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ተንኮለኛ ሰው መፈለግ አያሻም። የእኛን አሠራር ታውቀዋለህ። አንድ መድኃኒት አንዴ ከተደጋጋሚዎቹ ማዘዣዎች መዝገብ ከገባ፣ በየሃያ ስምንት ቀኑ ራሱን እያደሰ ይመጣል። ሐኪሙ ከምሳ በኋላ የተከመረለትን ማዘዣ በሽተኛውን ሳያይ ይፈርማል፤ መድኃኒት ቤቱም አሽጎ ይሰጣል። ከእነዚያ ዓመታት ዘጠኙን መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። "ኦድሪ ስቶባርት" የሚለውን ወረቀት በገዛ እጄ እየለጠፍኩ ለገዛ እናቴ ሳቀብል ኖርኩ። በቀን ሃያ ሚሊግራም የነበረው አርባ ሆነ፤ አርባው ሰማንያ ሆነ፤ በመጨረሻ መቶ ሃያ ደረሰ። እኔ "ሐኪሙ ያውቃሉ" አልኩ። ሐኪሙም ምናልባት "ፋርማሲስቷ ልጇ ናት፣ ትከታተላታለች" ብለው ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ግምት ነው።

አምና ወደ ጤና ጣቢያው ስዛወር የተሰጠኝ ሥራ፣ ካንሰር ሳይኖርባቸው ለብዙ ዓመት ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የሚወስዱትን ሰዎች ዘርዝሮ መድኃኒታቸው እንዲመረመር ማድረግ ነበር። በቶርንሎው ብቻ አርባ ሦስት ሰው ተገኘ። አራተኛዋ እማዬ ናት። ዝምድናዬን በጽሑፍ አሳውቄ ጉዳይዋን ለዶክተር ራኦ አስረከብኩ። ዶክተር ራኦ ወጣት ናቸው፤ ነገር ግን አዳማጭ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ መድኃኒት ለዓመታት ሲወሰድ ሰውነት ይለምደዋል፣ ሕመሙን የማስታገስ ኃይሉ ይቀንሳል፣ መጠኑ በጨመረ ቁጥር ግን መውደቁ፣ ድርቀቱና በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መድከሙ እየባሰ ይሄዳል ብለው አስረዷት። አላስገደዷትም። እማዬም "እሺ፣ ሰማንያ ሳይሞላኝ አንድ አዲስ ነገር ልሞክር" ብላ አሳቀቻቸው። በየአራት ሳምንቱ አንድ አሥረኛ እየተቀነሰ ሰባ ሚሊግራም ደረሰች። በቀጠሮዋ ሁሉ "ከዜሮ እስከ አሥር ብትሰጪው ሕመምሽ ስንት ነው?" ስትባል መልሷ አንድ ነበር፤ "አራት።" እኔም ፌብሩዋሪ ላይ በተደረገው የባለሙያዎች ስብሰባ "አንዲት የሰባ ስምንት ዓመት ሴት" ብዬ፣ ስሟን ሳልጠራ፣ የተሳካ ምሳሌ አድርጌ አቀረብኳት። ተጨበጨበልኝ።

በዚያው ወራት ለአንተ እየደወለች ምን እንዳለችህ አሁን ከጎረቤት ሰምቼ አውቃለሁ። "ሎርናና ጓደኞቿ ኪኒኔን ሊነጥቁኝ ነው፤ እንዳትነግራት" ብላሃለች። እናንተ ዘንድ ማስታገሻው ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመደርደሪያ እንደሚሸጥ ታውቃለህ፤ እናትህ ደግሞ በስልክ ታለቅሳለች። የወንድ ልጅ አንጀት የሚያደርገውን አደረግህ። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን አላደርገውም ብዬ አልምልም።

ኤፕሪል 28 ቀን፣ እሑድ፣ እንደ ልማዴ ምሳ ላበስልላት እኩለ ቀን ላይ ደረስኩ። ራሷ ጀምራ ኖሮ ሥጋው ምድጃ ውስጥ ነበር፤ ድንቹ ውሃው አልቆ ድስቱ መጨስ ጀምሯል፤ ራዲዮው ይናገራል። እሷ ወንበሯ ላይ አገጯን ደረቷ ላይ ጥላ ታንኮራፋለች። ሸለብ አድርጓት ነው ብዬ መጀመሪያ ድስቱን አወረድኩ። ኪት፣ መጀመሪያ ድስቱን ነው ያወረድኩት። ከዚያ ማንኮራፋቱ ቆመ፤ ተመልሶም ቶሎ አልመጣም። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። በአንድ ደቂቃ ስድስት ጊዜ ተነፈሰች። ቢያንስ አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት። ከንፈሯ ቀለም የነካው መስሎ ጠቁሯል። አምቡላንስ እስኪደርስ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቀው እኔ፣ ትከሻዋን ይዤ እየነቀነቅኩ "ተንፍሺ! እማዬ፣ ተንፍሺ!" እያልኩ ስጮኽ፣ ጎረቤታችን ዶሪን በጓሮ በር ገብታ "ምን ሆነሽ ነው የምትጮኺባት? ጆሮዋ እንደሆን ከእኔ ይሻላል!" አለችኝ። ፊቷን ስታይ ግን ወለሉ ላይ ተንበርክካ የእማዬን አንገት ደግፋ ያዘችልኝ።

የአምቡላንሱ ሰው የሞርፊን ማርከሻ ወጋት። ዓይኗን ገለጠች፤ ዙሪያዋን አየች፤ መጀመሪያ የተናገረችው "ሎርና፣ ሥጋው እያረረብሽ ነው" የሚል ነበር። ሰውየው ሳቀ። እኔ ግን ምድጃው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው የእኔ ስሕተት ነው። ሆስፒታል ስትገባ "ከዚህ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?" ብለው ጠየቁኝ። "ምንም የለም። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ቤቷን ራሴ ፈትሼዋለሁ" አልኩ። ሰው ባለሙያን ያምናል፤ አመኑኝ። ትንፋሿን ያደከመው በያዛት የሳንባ ምች ላይ የተጨመረ ሞርፊን ነው ብለው ሁለት ቀን በዚያ መንገድ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ ደሟ ሲመረመርም ጉበቷ ክፉኛ መጎዳቱ ታወቀ። አንዲት ወጣት ሐኪም ወደ መተላለፊያው ጠርታኝ፣ በጣም በትሕትና "እርግጠኛ ነዎት?" አለችኝ። ያን ጊዜ ከጎኔ ቆማ የነበረችው ዶሪን ጫማዋን እያየች "እኔ ምን አውቅልሻለሁ የኔ ቆንጆ፤ ግን የኖርማንን ቆርቆሮ የከፈተው ሰው አለ?" አለች።

የአባባን ቆርቆሮ ላስረዳህ አያስፈልገኝም፤ አንተም በዚያው ቤት ነው ያደግኸው። አባባ ለውድድር ለሚያሳድገው ባሮ ሽንኩርት የሚቀምመውን ማዳበሪያ የሚያኖርበት፣ ክዳኑ በገመድ የታሰረው፣ በጓሮው ጎጆ መደርደሪያ ላይ ያለው ቆርቆሮ ነው። በቶርንሎው የሰው ብስክሌት የሰረቀ ይቅርታ ያገኛል፤ የሰው የማዳበሪያ ቆርቆሮ የከፈተ ግን በመንደሩ ክበብ ውስጥ ቢራ የሚቀዳለት አያገኝም። አባባ በልጅነቴ እጁን ያነሣብኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያንን ክዳን የነካሁ ዕለት። እሱ ካለፈ ወዲህ እማዬ በእሱ ቅመም እያሳደገች ባለፈው ሴፕቴምበር በውድድሩ ሦስተኛ ወጥታለች። ቅነሳው ሲጀመር የተረፈ መድኃኒት እንዳይኖር፣ በእሷው ፈቃድ፣ ቤቱን ክፍል በክፍል ፈትሼ ነበር። ጎጆውንም ገብቼ አይቻለሁ። ከቆርቆሮው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ "የጓሮ ጎጆ፦ ምንም አልተገኘም" ብዬ ጻፍኩ። ክዳኑን አልነካሁም። መንካት እንዳለብኝ እንኳ አልታሰበኝም።

የዚያን ዕለት ከሆስፒታል በቀጥታ ሄጄ ገመዱን ፈታሁ። ከላይ ለማዳበሪያው የሚሆን የደረቀ ደምና የአጥንት ዱቄት ነበር። ከሥሩ አንተ የላክሃቸው የቀይ ሻይ ካርቶኖች፣ በካርቶኖቹም ውስጥ ኪኒኑ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፍሬ ቀርቶ ነበር። አንዱ ፍሬ በውስጡ ሦስት መድኃኒት አለው፤ የሞርፊን ዘመድ የሆነው ኮዴይን፣ ፓራሲታሞልና እንቅልፍ የሚያመጣ ሌላ ነገር። ከባዶዎቹ ማሸጊያዎች ተነሥቼ ስገምት በቀን አሥራ አራት ያህል ትውጥ ነበር። በዚያ ላይ ጤና ጣቢያው የሚሰጣትን ፓራሲታሞል ሳታጓድል ትወስዳለች፤ ምክንያቱም እኔ "እሱ ምንም አያደርግሽም" ብያታለሁ። ጉበቷን የጎዳው የሁለቱ ድምር ነው። ትንፋሿን ያደከመው ደግሞ፣ በሐኪሞቹ ግምት፣ ሞርፊኑ፣ ኮዴይኑ፣ የእንቅልፉ ነገርና የሳንባው ምች ተባብረው ነው። ኪኒኑን ቆጥሬ ለመድኃኒት ቤቱ አስረክቤ ፈርሜያለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጉበቷ እያገገመ ነው፤ የሚቀጥለው ምርመራ ጁን 4 ነው። ሐኪሟ የነገሩኝን ቃል በቃል ልጻፍልህ፤ "ለአሁኑ ተርፈዋል። ይኸው ነገር ከተደገመ ግን የሚተርፍ ጉበት ያለ አይመስለኝም።"

ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። የተቀየመችኝ በኪኒኑ አይደለም፤ በቆርቆሮው ነው። በዶሪን በኩል የላከችብኝ መልእክት "በሕይወት እያለ ማንም ያልደፈረውን አባቷን ከሞተ በኋላ ልጁ ደፈረችው በያት" የሚል ነው። ዶሪን ይህን አድርሳ ስትጨርስ ከራሷ ጨመረችበት። "እኔ መልእክተኛ ነኝ፤ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ብሆን አልከፍተውም ነበር" አለችኝ። "ብትሞትስ?" አልኳት። "እሱን እንጃ" አለችኝ። እሑድ እሑድ የሠራሁትን ምግብ በራፏ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ሳህኑ ታጥቦ ይጠብቀኛል።

ዶክተር ራኦን ግን ታስገባለች። እሳቸው አሁን ቅነሳው መቆሙን፣ በሰባው ሚሊግራም ላይ እንደምትጸና፣ ለወደፊቱም እሷ ካልጠየቀች በቀር እንደማይነካ ነግረዋታል። እኔንም አነጋገሩኝ፤ በእሷ ፈቃድ መሆኑንም ነገሩኝ። "የሄድነው በቀን መቁጠሪያው ነው እንጂ በእሳቸው አልነበረም። ያ 'አራት' የሕመማቸው ልክ አልነበረም፤ እኛን ላለማሳዘን የተሰጠ መልስ ነው" አሉኝ። ከገና ወዲህ ደረጃውን ወጥታ አልጋዋ ላይ ተኝታ እንደማታውቅ ለእሳቸው ነግራቸዋለች። አምስት ወር ሙሉ ወንበሩ ላይ ነው ያደረችው። ብርድ ልብሱ በየሳምንቱ ወንበሩ ጀርባ ላይ በሥርዓት ታጥፎ አየው ነበር። ለምን ሳሎን እንዳለ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም፤ እንዴት ንጹሕ ሴት ናት እያልኩ አልፌዋለሁ።

ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ ኦገስት 9 በቀይ ተከቦ "ኪት" ተብሎ ተጽፎበታል። ለዶሪን "ልጄ ሲመጣ ሁሉም ነገር ይስተካከላል" ትላታለች። የምትጠብቀው አንተን ይሁን ሻንጣህን እኔ መለየት አልቻልኩም። ምናልባት እሷም አትለየውም። ጥርጣሬዬ የት እንዳደረሰኝ ካልደበቅኩህ፣ ስትገባ እንዲፈትሹህ ለጉምሩክ ሰዎች መጻፍን አስቤበታለሁ። ደብዳቤውን አርቅቄ ቀደድኩት። ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ ሳይሆን፣ እዚያ ድረስ የደረስኩ መሆኔን እንድታውቅ ነው።

ባለፈው ሐሙስ የሆነውን ደግሞ ለማንም አልነገርኩም። ጠዋት በሥራ ላይ እያለሁ ተራ ይጠብቅ የነበረ ስልክ ወደ እኔ ተላለፈ። "መድኃኒት ክፍል ነው፤ ምን ልርዳዎ?" አልኩ። በሽተኛ ሁሉ እንደሚጠየቀው፣ ሳልጠይቃት "ስሜ ኦድሪ ስቶባርት ነው፤ የተወለድኩት ኖቬምበር 3 ቀን 1945 ነው" አለች። ቀጥላም "ዛሬ በጣም አሞኛል። አንድ ኪኒን ብጨምርበት ያ ነገር ይደገምብኛል ወይ? ማወቅ የፈለግኩት እሱን ብቻ ነው" አለች። መልሱን አውቀዋለሁ። ነገር ግን ለቤተሰብ አባል ምክር መስጠት ክልክል ነው፤ ደንቡን በጤና ጣቢያው ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። "እባክዎ መስመሩ ላይ ይቆዩ፣ ከባልደረባዬ ጋር አገናኝዎታለሁ" አልኳት። ከዚያ ቀስ ብላ "ሎርና?" አለችኝ። የማስተላለፊያውን ቁልፍ ተጫንኩት።

ባልደረባዬ ትክክለኛውን መልስ ሰጥታታለች፤ እማዬም አልጨመረችም። ያደረግኩትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደጋግሜ መርምሬዋለሁ፤ ከደንቡ የወጣ ነገር አላገኘሁበትም። ከአሥር ቀን በኋላ ስሜን የጠራችው ያን ጊዜ ነበር፤ ያን ጊዜ ነው የዘጋሁባት። ማታ ልደውልላት ስልኩን አነሣሁ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ አስቀመጥኩት።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እኔ የምችለው እዚህ ላይ አልቋል። የቀረው በአንተ እጅ ነው። ኪኒን እንደማታመጣላት ከወዲሁ አንተው በገዛ አፍህ ንገራት፤ እኔ እንደለመንኩህ አትንገራት፤ ከእኔ የመጣ ነገር ሁሉ ቅጣት ሆኖባታል። "ስንት ነው?" ብለህ አትጠይቃት፤ ሌሊቱን እንዴት አደርሽ፣ የት ተኛሽ ብለህ ጠይቃት። ታለቅሳለች። ታባብልሃለች። "አንድ ካርቶን ብቻ፣ የመጨረሻ" ትልሃለች፤ እምቢ ለማለት እንደማትችል አውቃለሁ፤ ከእኔ ይልቅ አንተ ልበ ለስላሳ ነህ። ቢሆንም እምቢ በላት፤ እምቢ ካልካት በኋላ ግን ስልኩን አትዝጋባት። አልቅሳ እስክትጨርስ ድረስ አብረሃት ቆይ። ኦገስት ላይም፣ ብትቆጣህም፣ "አትምጣ" ብትልህም፣ ባዶ እጅህን ና።

ለዜልዳ ከልብ የመነጨ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ይህን ደብዳቤ እሷም ብታነበው አልከፋም፤ አንተ ስትዳከም እንድታጸናህ። ማርከስን አክስትህ የአስም መንፊያህን ከቦርሳህ አትለይ ብላሃለች በለው። ኢንግሪድን ግንባሯን ሳምልኝ፤ የላከችው የመርከቦቹ ሥዕል እማዬ ወንበር ፊት ለፊት ተለጥፏል። ዶሪን ሰላም ብላሃለች፤ "ከእንግዲህ ሻይ ብለህ ከላክህ ሻይ ይሁን" ብላለች። የእማዬን ሰላምታ ልጽፍልህ አልቻልኩም፤ ለአንተ መጻፌን አታውቅም።

እህትህ ሎርና ስቶባርት
ቶርንሎው፣ ዱራም፤ እሑድ፣ ሜይ 19 ቀን 2024